ዶርሙም ክፍል ነው

ልጁን ወደ ምሕንድስና ኮሌጅ የሚሸኝ የሀገራችን ወላጅ አውቶቡስ ተራ ላይ ቆሞ የሚሰጠው ምክር ተመሳሳይ ነው፤ «አደራህን፣ ሥራህ ማጥናት ብቻ ነው። ከማንም ጋር አትግጠም። ራስህን ይዘህ ውጣ።» ኮሌጁ ሲደርስም ዲኑ በአቀባበል ቀን ንግግራቸው ይህንኑ በእንግሊዝኛ ይደግሙለታል። ሻንጣውን ተቀብሎ ዶርሙን የሚያሳየው ሲኒየርም በተማሪ ቋንቋ ያሳጥርለታል፤ «እዚህ የቸከለ ይወጣል፣ ያልቸከለ ይባረራል።» ወላጅ፣ ዲንና ሲኒየር በአንድ ቃል የተስማሙበት ነገር ብዙ ስለሌለ፣ እውነት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን አላልፈውም። ምክሩ ስሕተት ነው። ጉዳቱም ከልጁ አልፎ፣ ልጁ ነገ በሚሠራው ድልድይ ላይ የምንሻገረውን ሁላችንን ያገኘናል።

«አንተን ደግሞ ምን አገባህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ ካልኩለስን የማውቀው ከሩቁ ነው። ይሁንና ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ ልናገር አልተነሣሁም። የምናገረው ኮንክሪቱን ስለሚያቦካው፣ ስለሚቆጣጠረውና «ይህ አልበቃም፣ ይፍረስ» ብሎ መናገር ስለሚገባው ሰው ነው። ስለ ሰው ለመናገር ደግሞ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።

ካቻምና ታናሽ ወንድሜ ወደሚማርበት፣ ስሙን ወደማልጠራው አንድ አነስተኛ የምሕንድስና ኮሌጅ ደጋግሜ ሄጃለሁ። በአንደኛው ጉዞዬ ዶርሙን እንዳይ ተፈቀደልኝ። አራት ተደራራቢ አልጋ፣ ስምንት ልጅ፤ የአልጋው ብረት ላይ የተሰጣ ፎጣ፣ ከአልጋ ሥር የተወሸቀ ጀሪካን፣ ግድግዳው ላይ በእስክርቢቶ የተጻፈ ፎርሙላ። ወንድሜ የሚተኛው ላይኛው አልጋ ላይ ነው። ከሥሩ የሚተኛው ልጅ ማን እንደሚባል ጠየቅሁት።

«ታች አልጋ ነው የምንለው» አለኝ።

«ስሙስ?»

«ስሙማ ወንድም ጋሼ፣ ፕሮክተሩ በር ላይ በለጠፈው ዝርዝር ውስጥ አለ።»

ስድስት ወር አብረው ተኝተዋል። አንዱ ሲገላበጥ የሌላው አልጋ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ሲያስል ሌላው ይነቃል። የአባቱ ስም ይቅርና የራሱ ስም ግን በር ላይ ነው የሚገኘው። ይህ የሆነው ልጆቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። «ከማንም ጋር አትግጠም» የተባሉ ስምንት ልጆች በአንድ ክፍል ሲቀመጡ የሚፈጠረው ይኸው ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ መምህራን ውጤት የሚሰጡት ተማሪን ከተማሪ እያወዳደሩ ነው። እንዲህ ሲሆን የታች አልጋው ልጅ አንድ ነገር ባወቀ ቁጥር የላይኛው ልጅ ነጥብ ይቀንሳል ማለት ነው። ታዲያ ማን ማንን ያስጠናል? ሁሉም ሃንድአውቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ስፔስ ይሄዳል፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት ይመለሳል፤ ተጠንቅቆ፣ መብራት ሳያበራ ይተኛል። ጨዋነት ማለት ይህ ሆኗል።

እንዲህ ያለው ጨዋነት ምን እንደሚያፈራ ወንድሜ ራሱ አጫወተኝ። በውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ በቱቦ የሚያልፍ ውሃ ለክተው ሪፖርት እንዲያቀርቡ ታዘዙ። ለአንድ መሣሪያ አሥር ተማሪ ስለሚደርስ ሁለቱ ይለካሉ፣ ስምንቱ ያያሉ። ማታ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅ የጻፈው ሪፖርት በቴሌግራም ተላለፈ፤ ጠዋት አርባ ያህል ሪፖርት ገባ። በአርባውም ላይ ወደ ቱቦው ከገባው ውሃ የወጣው ይበልጥ ነበር! በመንገድ ላይ ውሃ የሚወልድ ቱቦ አግኝተዋል ማለት ነው።

«አላየኸውም?» አልኩት።

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እሱ እኮ አራት ነጥብ ነው ያለው። እኔ ማን ነኝ ብዬ?»

ወንድሜ የገባውና የወጣው ውሃ እኩል መሆን እንዳለበት ያውቃል፤ ተፈትኖበታል፣ አልፎበታልም። ያልተማረው፣ ከእሱ የተሻለ ነጥብ ያለውን ልጅ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» ማለትን ነው። ይህን ደግሞ የትኛውም መጽሐፍ አያስተምረውም። የሚማረው ካፌ ውስጥ ተከራክሮ፣ ዶርም ውስጥ ተረትቶና ረትቶ፣ በክበብ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ፣ ተስቆበት፣ በማግሥቱ እንደገና እጁን አውጥቶ ነው። ይህን ሁሉ «ጊዜ ማባከን» ብለነዋል።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። በዚያው ላቦራቶሪ በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ አንዲት ወይም ሁለት ሴቶች አሉ። መሣሪያውን የሚነኩት ወንዶቹ ናቸው። «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ይባሉና ሴቶቹ ጸሐፊ ይሆናሉ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ እንዲያውም ተመስግነዋል። በአምስተኛው ዓመት ግን ወንዱ የነካውን ሁሉ ያልነካች መሐንዲስ ትመረቃለች፤ ያኔ ደግሞ «ሴቶች ሳይት ላይ አይሆኑም» ይባላል። ይህን የሚያርም ደንብ በሴኔት ሕግ ውስጥ አይገኝም። ማረሚያው አብሮ የመሥራት ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ካልተከሉት አይበቅልም።

«ዝም ማለት ምን ጎዳ?» ለሚል አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በካናዳ፣ በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ላይ ይሠራ የነበረው የኩቤክ ድልድይ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1907 ግንባታው ሳያልቅ ተደርምሶ 75 ሠራተኞችን ገደለ። የብረቱ ክብደት አስቀድሞ ከተገመተው በላይ መሆኑ ታውቆ ነበር። የታችኞቹ ብረቶች መጣመማቸውንም በቦታው የነበሩት አይተዋል። ስለ ጥመቱ ደብዳቤ ተጻጽፈዋል፣ ተከራክረዋል። አንድ ወጣት መሐንዲስም ጉዳዩን ለዋናው አማካሪ ለማስረዳት እስከ ኒው ዮርክ ተጉዟል። ነገር ግን በቦታው ቆሞ «ዛሬ ማንም ድልድዩ ላይ አይወጣም» ያለ ሰው አልነበረም። ሥራው ቀጠለ፤ ማስጠንቀቂያው በጊዜ አልደረሰም። ብረቱ ሲጣመም ያየ ዐይን ነበረ። የጠፋው «ይቁም» የሚል ድምፅ ነው።

ካናዳውያን ከዚህና ከመሰሉ ጥፋቶች በኋላ ምን አደረጉ? ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምሕንድስና ተማሪዎቻቸው ትምህርታቸውን ሲጨርሱ በአንድ ሥነ ሥርዓት ላይ ቃል ኪዳን ገብተው በሚሠሩበት እጅ ትንሽ ጣት ላይ ተራ የብረት ቀለበት ያጠልቃሉ። የሥነ ሥርዓቱን ቃል የጻፈላቸው ደራሲው ሩድያርድ ኪፕሊንግ ነው። ወርቅ አይደለም፣ ዕንቁ የለውም። መሐንዲሱ ንድፍ ሲነድፍ ቀለበቱ ወረቀቱን እየነካ «ልትሳሳት ትችላለህ» ይለዋል። ይህን የፈጠረው የሒሳብ ቀመር አይደለም፤ በተማሪነትና በሙያ መካከል ያለ የማኅበራዊ ኑሮ ልማድ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የተመራቂው ዓመት የራሱ በዓላት አሉት። የመቶ ቀን አለ፤ ውሃ የሚራጩበት ቀን አለ፤ ቀለም የሚቀባቡበት አለ፤ አሮጌ ልብስና የአባት ኮት ለብሰው የሚያብዱበት ቀንም አለ። ልጅ ይጫወት፣ አልቃወምም፤ አምስት ዓመት ሲቸክል የኖረ ሰው አንድ ቀን ቢረጭ ምን ይደንቃል? የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ቀናት መካከል ስለ ሙያው የሚናገር፣ «ከዛሬ ጀምሮ የሰው ነፍስ በእጄ ነው» የሚል አንድ ቀን ለምን የለም? ሐኪሞች ቃለ መሐላ አላቸው። ኢንጂነሩ ያለው ማዕረግ ነው፤ ከስሙ በፊት «ኢንጂነር» የምትለዋን ቃል ገና ከመመረቁ ይቀጽላታል። በቃል ኪዳን ያልታሰረ ማዕረግ ግን ልብስ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሡብኝን ሁለት መቃወሚያዎች አውቃለሁ።

የመጀመሪያው «ምሕንድስና ከባድ ነው፤ ለጨዋታ ጊዜ የለም» የሚለው ነው። ከባድ መሆኑንስ ማን ካደ? ነገር ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሳዴና የሚገኘው ካልቴክም ቀላል ትምህርት ቤት ነው ተብሎ አይታማም። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። እነዚህ ተማሪዎች የሚኖሩት «ቤት» በሚባሉ ማደሪያዎች ሲሆን እያንዳንዱ ቤት የራሱ ልማድ፣ የራሱ ማዕድ፣ የራሱ ቀልድ አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ የክብር ደንብ አላቸው፤ የማኅበረሰቡ አባል የሆነ ሁሉ በሌላው አባል ላይ ያልተገባ ጥቅም አይፈልግ ይላል። በዚህ ደንብ ላይ ተመሥርተው ብዙ ፈተናዎችን ተማሪው ክፍሉ ወስዶ፣ ሰዓቱን ራሱ ቆጥሮ፣ ማንም ሳይጠብቀው ሠርቶ ይመልሳል። «እነሱ ሀብታም ናቸው» እንዳይባል፣ ላቦራቶሪያቸው ገንዘብ ይጠይቅ ይሆናል እንጂ ይህቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ሳንቲም አልጠየቀችም። የጠየቀችው እርስ በርስ የሚተዋወቁ፣ የሚተፋፈሩ ተማሪዎችን ነው። ታች አልጋ ያለውን ልጅ ስሙን ከማያውቅ ሰው ደግሞ እፍረት አይጠበቅም።

ሁለተኛው መቃወሚያ የሚመጣው ከራሳችን ከሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሰፈር ነው። «ተማሪማ የድሮ ተማሪ! ያሁኑ ትውልድ ባዶ ነው» ይላሉ። ከዚያም የኮሌጅ ቀንን ያነሣሉ፤ ጃንሆይ ሳይቀሩ ይታደሙበት የነበረውን የግጥም ውድድር፣ በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል»ን ማንበቡን፣ በ1959 ዓ.ም. ደግሞ የኃይሉ ገብረ ዮሐንስን «በረከተ መርገም»። እኔም እነዚህን አከብራለሁ። ነገር ግን ይህን ታሪክ የዛሬውን ልጅ መደብደቢያ ዱላ ሲያደርጉት አልስማማም። ያ ትውልድ ከሌላ ጭቃ አልተሠራም። ልዩነቱ ያረፈው በኑሮው አደረጃጀት ላይ ነው።

እስቲ እንቁጠር። የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ የምሕንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. ተከተለ፤ ብዙም ሳይቆይ በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት የሕንፃ ኮሌጅ ልደታ ላይ ተቋቋመ። እነዚህ ሁሉ በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር እስኪገቡ ድረስ ትናንሽ ቤቶች ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክም፣ ኋላ በ1979 ዓ.ም. የተጀመረው የአርባ ምንጭ ውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሲነሡ እንዲሁ ትናንሽ ነበሩ። ትንሽ ቤት ውስጥ መደበቅ አይቻልም። መምህሩ ስምህን ያውቃል፤ ካፌው አንድ ነው፤ የተጣላኸውን ልጅ ምሳ ላይ ታገኘዋለህ። በዚያ ላይ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልከው ስለነበር፣ ከገበሬና ከወረዳ ልጅ ጋር ሳይተዋወቅ የሚወጣ ጥቂት ነበር። ማኅበራዊ ኑሮው የማንም ዕቅድ ባይሆንም ከትንሽነቱ ብቻ ይበቅል ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮሌጆቹ አደጉ። ማደጋቸው መልካም ነው፤ የገበሬ ልጅ በር ተከፈተለት። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር የሚያዝዘው የ70/30 መመሪያ መጣ። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ሕንፃው ተሠራ፣ አልጋው ተደራረበ፣ ካፌው ሰፋ። ነገር ግን በትንሽነት ዘመን በራሱ ይበቅል የነበረውን ነገር አሁን ማን ይትከለው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በዕቅዱ ውስጥ ለወንበር ቁጥር አለ፣ ለኮምፒዩተር ቁጥር አለ፤ ስምንት የማይተዋወቁ ልጆች ሰው ለሰው የሚሆኑበት ሰዓት ግን የለም። ትንሽ የሚባለው ኮሌጅ እንኳ ዛሬ ትንሽ የሆነው በግቢው ስፋት እንጂ በመተዋወቅ አይደለም።

ወጣቱ ባዶ አለመሆኑን ማየት የሚፈልግ ማታ ማታ ግቢውን ይዙር። የኦርቶዶክሱ ልጅ ግቢ ጉባኤ አለው፣ ጴንጤው ፌሎውሺፕ አለው፣ ሙስሊሙ ጀመዓ አለው። መዝሙር ያጠናሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ አዲስ ገቢውን ያስጠናሉ፣ ብር ያዋጣሉ። ማንም በጀት ሳይመድብላቸው! የሀገር ልጅም እንዲሁ በየሀገሩ ይሰበሰባል። እነዚህ ባይኖሩ ኖሮ ስንቱ ልጅ በብቸኝነት ትምህርቱን ጥሎ በሄደ ነበር። ስለዚህ አልነቅፋቸውም። የምለው፣ ሁሉም ወደየራሱ ቤት ሲገባ መሀል ላይ ያለው ሳሎን ባዶ ቀርቷል። የጋራ የሆነው ቦታ ኳስ የሚታይበት ቤትና የካፌ ሰልፍ ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። የግጭቱ መነሻ ከግቢ ውጭ ያለ የፖለቲካ እሳት መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ እሳቱ ሲመጣ በአንድ ዶርም ያሉ ልጆች ስም ለስም ቢተዋወቁ፣ አብረው ድራማ ቢሠሩ፣ አብረው ተከራክረው ቢያውቁ ኖሮ፣ «ይሄንንስ አታገኙትም፣ ጓደኛዬ ነው» ብሎ በር ላይ የሚቆም ልጅ ይበዛ ነበር። ታች አልጋን ማን ይከላከልለታል?

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ከተባለ የምጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። በሳምንት አንድ ማታ ክፍለ ጊዜ፣ ፈተናና ሜካፕ የማይገባበት ይሁን፤ በዚያ ማታ አዳራሹ ለክርክር፣ ለግጥም፣ ለድራማ፣ ተማሪ የሠራውን ነገር ለማሳየት ይከፈት። የላቦራቶሪ ቡድን ሥራ በዙር ይሁን፤ ዛሬ የጻፈች ነገ ትለካ፣ ዛሬ የለካ ነገ ይጻፍ። ሪፖርት በጽሑፍ ብቻ አይቀበሉት፤ ከቡድኑ አንዱን በዕጣ አቁመው ይጠይቁት፤ የሌላውን ስሕተት ያገኘ ተማሪ ነጥብ ያግኝ። ተማሪን ከተማሪ እያወዳደሩ ነጥብ መስጠት ይቅር፤ መለኪያው ሥራው እንጂ የጎረቤቱ መውደቅ አይሁን። ለእያንዳንዱ ዶርም አንድ መምህር ይመደብ፤ በወር አንድ ጊዜ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ። ተመራቂውም ከሚረጭበት ቀን ማግሥት፣ በወላጁና በመምህሩ ፊት፣ በአማርኛም ሆነ በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ ያየውን ስሕተት ላይደብቅ ቃል ይግባ። ቀለበቱ ቢቀር ግድ የለም።

ዲኖች «በጀት የለንም» እንደሚሉ አውቃለሁ። ለሻይ በጀት አያስፈልግም። «ጊዜ የለንም» ቢሉ ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃቸው። ከገባው ውሃ የወጣው የሚበልጥበትን አርባ ሪፖርት ተቀብሎ ነጥብ ለመስጠት ጊዜ ከየት ተገኘ? እነዚያ አርባ ልጆች ከጥቂት ዓመት በኋላ ግድብና ሕንፃ ላይ ይሰማራሉ። ሒሳቡን ያውቁታል። አንድ ቀን አለቃቸው የተሳሳተ ቁጥር ጽፎ ያመጣል፤ እነሱም ያዩታል። በዚያች ቅጽበት እንዲናገሩ የምንፈልግ ከሆነ፣ መናገርን የሚለማመዱበትን ስፍራ ዛሬ እንስጣቸው።